ካርታው ላይ ያለው ቀለም የማሳችሁ ቀለም ነው?

 

በስልክ ከሰው ወደ ሰው የሚዞር ባለቀለም ካርታ አለ። “የወረዳችን የአፈር ካርታ ነው” ይባላል። አንዱ አርሶ አደር “የኔ ቀበሌ ቀይ ሆኗል፤ መሬቴ ሞቷል ማለት ነው?” ብሎ ይጠይቀኛል። ሌላው ደግሞ “እኛ ጋ አረንጓዴ ነው፤ እንግዲህ ዘንድሮ ማዳበሪያ አልገዛም” ይላል። ሁለቱም ቸኩለዋል። ጥፋቱ ግን የነሱ አይደለም። ካርታውን አንድ ቀለም ብቻ አብርተን፣ ፎቶ አንስተን የምንልክላችሁ የኛ የባለሙያዎች ነው።

ነገሩን ከስሩ ልጀምር። በኢንተርኔት የሚከፈት ካርታ አንድ ወረቀት አይደለም። ግልጽ ላስቲኮች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው አስቡት። አንዱ ላስቲክ ላይ መንገድ ብቻ ተስሏል፤ አንዱ ላይ ወንዝ፣ አንዱ ላይ የቀበሌ ወሰን፣ አንዱ ላይ የአፈር ዓይነት፣ አንዱ ላይ ዝናብ። እያንዳንዱ ላስቲክ “ሌየር” ይባላል። የፈለጋችሁትን ታበራላችሁ፣ ያልፈለጋችሁትን ታጠፋላችሁ። ካርታው ሲከፈት የትኛው በርቶ ይታይ የሚለውን የሚወስነው ግን ካርታውን ያዘጋጀው ሰው ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ያየውን ብቻ አይቶ ስለሚዘጋ፣ ያቺ ምርጫ ትንሽ ነገር አይደለችም።

አሁኑኑ መሞከር ትችላላችሁ። ጉግል ማፕን ክፈቱ። ከላይ በቀኝ በኩል ሁለት ካሬ የተደራረበ የሚመስል ምልክት አለ፤ እሱን ንኩት። “ሳተላይት” የሚለውን ስትመርጡ ዛፉ፣ እርከኑ፣ የቤታችሁ ቆርቆሮ ሳይቀር ይታያል። “ቴሬን” የሚለውን ስትመርጡ ደግሞ ተራራውና ሸለቆው ይወጣል። ቦታው ያው ነው፤ የተቀየረው ሌየሩ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የሳተላይቱ ምስል ዳታ ይበላል፤ አይታችሁ ስትጨርሱ መልሱት።

ወደ አፈሩ እንምጣ። ድሮ ለዓመታት የምናውቀው ዲኤፒና ዩሪያ ብቻ ነበር። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ግብርና ሚኒስቴርና የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በየወረዳው የአፈር ናሙና እያስወሰዱ የአገሪቱን የአፈር ለምነት ካርታ አሠሩ። ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ ሰልፈር፣ ቦሮንና ዚንክ የጎደለበት ብዙ ቦታ እንዳለ ታየ። ያኔ በዲኤፒ ፋንታ ኤንፒኤስ የመጣው በዚህ ምክንያት ነበር። አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ 7 ኪሎ ሰልፈር አለው፤ ዲኤፒ ውስጥ ሰልፈር የለም። ስለዚህ ካርታ ጠቅሞናል። ካርታ አትመኑ እያልኩ አይደለም።

የምለው ሌላ ነው። የካርታው አንድ ነጥብ ስንት መሬት እንደሚሸፍን እወቁ። ለምሳሌ ሶይልግሪድስ የሚባለው የዓለም የአፈር ካርታ አንዱ ነጥብ 250 ሜትር በ250 ሜትር ነው። ይሄ 6 ሄክታር ከሩብ ይሆናል። የብዙዎቻችን ማሳ አንድ ሄክታር አይሞላም። እንግዲህ በጨርጨር ተራራ ላይ ከአናት ያለው ድንጋያማ መሬትና ከግርጌ ያለው ደለል የተኛበት ማሳ አንድ ቀለም ሊቀቡ ይችላሉ ማለት ነው። ከአናት ያለው ገበሬና ከግርጌ ያለው ገበሬ ግን አንድ ዓይነት አፈር እንደሌላቸው ከኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ። አይስዳ ሶይል የሚባለው የአፍሪካ የአፈር ካርታ ደግሞ ነጥቡ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ በጣም የጠራ ይመስላል። እሱም ቢሆን ከየማሳው አፈር ተዝቆ የተመረመረ አይደለም። ከተወሰኑ ቦታዎች የተወሰደ ናሙናና የሳተላይት መረጃ ተጣምሮ በኮምፒውተር የተገመተ ነው። ግምቱ ጥሩ ነው፤ ግን ግምት ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ አንድ ሌየር ብቻውን አያማክርም። የሚኤሶ አርሶ አደር የአፈር ሌየሩን ብቻ አይቶ ማዳበሪያ ቢገዛ፣ ዝናቡ ካጠረ ብሩ ሜዳ ላይ ቀረ። እሱ መጀመሪያ ማብራት ያለበት የዝናቡን ነው፤ ከማዳበሪያው በፊት ውሃ የሚይዝ ቦይ ማውጣት ሊቀድምበት ይችላል። የጭሮ ወይም የገመቺስ ደጋ ላይ ያለው ደግሞ የአፈሩን ከተዳፋቱ ጋር ያብራ። እርከን በሌለው ገደል ላይ የተበተነ ማዳበሪያ ጎርፍ ይዞት ወርዶ የታችኛውን ጎረቤት ማሳ ነው የሚያለማው። ሁሉን ባንዴ ማብራትም አይጠቅምም፤ ቀለም በቀለም ላይ ይሆንና ምንም አይታይም፣ ስልኩም ይንቀራፈፋል። ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ እዩ።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ “ገበሬው ይሄ ሁሉ ምን ያደርግለታል? ስንት ኪሎ እንደሚጨምር ብቻ ንገረው” ይሉኛል። ገበሬው ቀለሙን በስህተት ሊያነበው ይችላል የሚለው ስጋታቸው እውነት ነው፤ ከላይ የነገርኳችሁ ሁለት ሰዎች ምስክር ናቸው። መፍትሄው ግን ካርታውን መደበቅ አይደለም። የማዳበሪያውን ዕዳ የሚከፍለው ገበሬው ከሆነ፣ ምክሩ ከየት እንደመጣ የማየት መብትም የሱ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ እንዴት እንደተሠራ አስታውሱ። በኦሮሚያም በአማራም በሌሎችም ክልሎች ከአየር ላይ የተነሳ ፎቶ ታትሞ መጣ። ባለይዞታውና ጎረቤቶቹ ማሳው ላይ ቆመው ድንበሩን አሳዩ፤ መስመሩ ፎቶው ላይ ተሠመረ። ከዚያ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ፣ ቅሬታ ያለው ቀርቦ ተናገረ። ያ መስመርም አንድ ሌየር ነው። የድንበሩን ሌየር እናንተው አይታችሁ ካረማችሁት፣ የአፈሩስ ሌየር ለምን ለእናንተ ዓይን አይቀርብም?

ስለዚህ ካርታ ለምታዘጋጁ ባለሙያዎች ሁሉ የምለው ይሄ ነው፦ ካርታው ሲከፈት የቀበሌና የመንደር ስም እንዲሁም የሳተላይቱ ምስል ይብራ፤ ሰው መጀመሪያ ቦታውን ይወቅ። ሌሎቹ በፈቃዱ የሚያበራቸው ይሁኑ። የሌየሩ ስም በኦሮምኛና በአማርኛ ይጻፍ። መረጃው መቼ እንደተሰበሰበና አንዱ ነጥብ ስንት ሜትር እንደሆነ እዚያው አጠገቡ ይታይ።

ለእናንተ ደግሞ፣ ባለቀለም ካርታ ሲደርሳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ቀለሙ ምን ማለት ነው? (ቀይ አንዱ ካርታ ላይ ጉድለት፣ ሌላው ላይ ብዛት ሊሆን ይችላል።) አንዱ ነጥብ ስንት መሬት ይሸፍናል? መረጃው የመቼ ነው? መልስ ከሌለው ብር አታውጡበት።

ከዚያም ማሳችሁ ላይ አረጋግጡ። አፈር ለማስመርመር ከማሳው ከ15 እስከ 20 ቦታ እየተዘዋወራችሁ፣ እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ቆፍራችሁ አፈር ውሰዱ፤ በንጹህ ባልዲ ቀላቅሉት፤ ከዚያ ላይ አንድ ኪሎ ያህል ይዛችሁ ወደ ቀበሌያችሁ የልማት ሠራተኛ ሂዱ። ከዛፍ ሥር፣ ከፍግ ክምር አጠገብና አመድ ከተደፋበት አትውሰዱ። ይሄም ካልተመቻችሁ፣ ከማሽላችሁ ወይም ከበቆሏችሁ መሀል ማዳበሪያ ያልነካው ጥቂት መስመር ተዉና አጨዳ ላይ ምርቱን አወዳድሩ። ያ መስመር ስለናንተ ማሳ ከማንኛውም ቀለም የበለጠ ይነግራችኋል።

ስልክ ለሌለው ጎረቤታችሁም አሳዩት። ጥያቄ ካለ ከታች ጻፉልኝ፤ የማሳችሁን ቦታ ከላካችሁልኝ ሌየሮቹን አብረን እያበራን እናያለን። መልካም የእርሻ ጊዜ!