በሬው ታረደ፤ ቦዩስ የታለ?

ለሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ከላይኛው መንገድ በቆርቆሮ በታጠረው ቦታ ላይ ሌላ ፎቅ ሊሠራ መሆኑን ሁላችሁም አይታችኋል። ማኅበራችን ፎቅ መሠራቱን አይቃወምም፤ ለልጆቻችንም ሥራ ይገኝበታል። የምንቃወመው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም አሠሪው ለሠፈሩ የሚያደርገውን እንደ ምጽዋት ቆጥረን፣ የሰጠንን ሁሉ እጅ ነስተን የመቀበላችንን ልማድ ነው።

ያለፈውን ፎቅ እናስታውስ። አሠሪው ለበዓል በሬ ገዛልን፣ ለዕድሩ ድንኳን ሰጠ፣ ተጨበጨበለት። «ቦዩን እሠራላችኋለሁ» ያለው ግን በቃል ብቻ ነበር። ከየቤቱ አዋጥተን ያስነጠፍነውን ኮብልስቶን ገልባጭ መኪኖቹ ሰባበሩት። የቁፋሮው አፈር የጎርፍ መውረጃውን ደፈነው። ክረምት ሲገባ ውሃው ታች ሠፈር ያሉ አሮጊቶች ቤት ገብቶ አልጋቸውን አንሳፈፈው። በሬው በአንድ ቀን ተበልቶ አለቀ፤ ጎርፉ ግን በየክረምቱ ይመጣል።

አንዳንድ ጎረቤቶቻችን «ተዉ፣ ሰውዬውን አታስቀይሙት፣ ይሸሻል» ይላሉ። ለመሬትና ለብረት ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሰ ሰው ቦይ ሥራ ስለተባለ ጥሎ አይሄድም። ሌሎች ደግሞ «ሊዝ ከፍሏል፣ ግብር ይከፍላል፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?» ይላሉ። መክፈሉን ማን ካደ? ነገር ግን ሊዝ የመሬት ክፍያ ነው እንጂ የጎረቤት መንገድ ማፍረሻ ፈቃድ አይደለም። የሰበረ ይጠግን፣ የደፈነ ይክፈት ነው የምንለው።

ይሄ ልመና አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43፣ ማኅበረሰባችንን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳባችን እንዲጠየቅ መብት ሰጥቶናል። ሌላ አገርም ቢሆን ይጠየቃል። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 የወጣው የፕላን ሕግ አንቀጽ 106 የሚባል አለው። በዚህ መሠረት ትልቅ ሕንፃ የሚሠራ ሰው ፈቃድ ሲጠይቅ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለመጫወቻ ሜዳ የሚያደርገው ነገር ካለ ከአካባቢው መስተዳድር ጋር በውል ይታሰራል። ሚዛኑም ሦስት ነው፤ የተጠየቀው ነገር ሕንፃው እንዲፈቀድ የግድ አስፈላጊ ነው ወይ? ከሕንፃው ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው ወይ? ከሕንፃው መጠን ጋርስ ይመጣጠናል ወይ?

የእንግሊዝ ሕግ እኛን አይገዛም፤ ሚዛኑ ግን ለማንም ይሠራል። በሬና ድንኳን በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ ይወድቃሉ። ቦይ ግን ያልፋል፤ ጎርፉን የሚያመጣው ቁፋሮው ነውና። ስለዚህ ማኅበሩ ለአሠሪው እንዲቀርቡ የሚያሳስበው የሚከተሉትን ነው፦

1. መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ቦዩ ተጠርጎ እስከ ወንዙ ድረስ እንዲሠራ፤

2. የሚሰበረው ኮብልስቶን ሥራው ሲያልቅ በራሱ ወጪ እንዲነጠፍ፤

3. ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ለሥራው የሚሆነውን ውሃ በቦቴ እንዲያስመጣ፣ ከእኛ መስመር በፓምፕ እንዳይስብ፤

4. ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ የአሸዋና የብረት ማራገፊያ እንዳይሆን።

ይህ ሁሉ ቀን ተቆርጦለት በጽሑፍ ይሁን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ውሉ በሦስት ቅጂ ተፈርሞ አንዱ ለአሠሪው፣ አንዱ ለወረዳው ይሰጥ፤ ሦስተኛው እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ከዚህም ሌላ አሠሪው ሥራውን ራሱ ይሥራ እንጂ ገንዘብ በማንም እጅ አይስጥ። ሊቀመንበሩም ቢሆን፣ ገንዘብ ያዡም ቢሆን፣ እኔ ጸሐፊው ብሆንም አንቀበል። በእጅ የገባ ብር ሐሜት እንጂ ቦይ አይሆንም።

ስለዚህ የፊታችን እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት በዕድሩ አዳራሽ ተገኝታችሁ በቃለ ጉባዔው ላይ እንድትፈርሙ እናሳስባለን። በተለይ ታች ሠፈር ያላችሁ እንዳትቀሩ። እስካቫተሩ ከገባ በኋላ መጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሳይፈረም አይጨበጨብም!

የማኅበሩ ጸሐፊ