በረንዳ ላይ የቀሩት

ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ የገባን ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ወበቁ ነው። ቀጥሎ በየበረንዳው የተቀመጡት ወጣቶች። ብዙዎቹ 12ኛ ክፍል ተፈትነው የተመለሱ ናቸው። ሰሊጥ ሲደርስ ወደ ሁመራ ይሄዳሉ፤ አጨዳው ሲያልቅ ያው በረንዳ ይጠብቃቸዋል።

የ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት 900 ሺሕ ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ሰሞን ስለ ኩረጃና ስለ መምህራን ብቃት ብዙ ተባለ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው፦ መንግሥት 12 ዓመት ያስተማረውን ልጅ የጥቂት ቀን ፈተና ከጣለው በኋላ በቂ በጀት የሚይዝለት የለም ማለት ይቻላል።

ጎንደር ሌላ መንገድ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያ ላይ የተነሣው ወባ 7 ሺሕ ያህል ሰው ፈጀ። በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። አገሪቱ የሕክምና ፋኩልቲ እንኳ ገና አልነበራትም፤ ሐኪም እስኪበዛ ግን አልተጠበቀም። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ በቡድን እየሠለጠኑ ገጠር ወረዱ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ደግሞ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ቁጥራቸው ከ30 ሺሕ በላይ ደረሰ። ዛሬ በቆላው ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ጣት ወግታ ወባ መሆን አለመሆኑን እዚያው የምትነግር እንዲህ የሠለጠነች የሰፈር ልጅ ናት። አንድ ዓመት ሥልጠና ይህን ከሠራ፣ ለፓምፕ ጥገና፣ ለሶላር፣ ለከብት ሕክምና፣ ለሰሊጥ ማከማቻ ለምን አይሠራም?

የኖቤል ተሸላሚው ኢኮኖሚስት ጀምስ ሄክማን ገንዘብ ለጨቅላ ዕድሜ ሲውል ይበልጥ እንደሚያፈራ ያስረዳል። እቀበለዋለሁ፤ ቅድመ መደበኛ ክፍሎቻችን አሁንም እጅግ ደካማ ናቸው። ነገር ግን የሕፃኑ የመጀመሪያ መምህር ወላጁ ነው፤ በረንዳው ላይ ያለው ወጣት ደግሞ ነገ አባት ይሆናል።

ደጅ የተዘጋባቸው በረንዳው ላይ ያሉት ብቻ አይደሉም፤ አሁን በአማራ ክልላችን ባለው ግጭት ምክንያት ትምህርት ያቋረጡት ልጆች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። 3ኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች የ12 ዓመት ልጅ የትምህርት ቤቱ ደጅ ሲከፈት 16 ሊሆናት ይችላል። ከ9 ዓመት ሕፃናት ጋር ቁጭ በይ ብንላት አትመጣም። ለእሷ የሚሆን ክፍል፣ ከውሃና ከእንጨት መልስ የሚመቻት ሰዓት፣ በዕድሜዋ የሚያናግራት መምህር ከዘንድሮው በጀት ይያዝላት።