ጋዙ የት ሄደ?

ሙቀቱ ሲበረታ ከአዳማ እስከ ድሬዳዋ፣ ከአዋሽ እስከ ሰመራ ጋራዥ በር ላይ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ኤሲው አልቀዘቅዝ አለኝ፣ ጋዝ ሙላልኝ!» ባለሙያው ቱቦውን ይሰካል፣ ጋዙ ይገባል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ መኪናው ቀዝቃዛ አየር እየነፋ ይሄዳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው መኪና፣ ያው ጥያቄ፣ ያው ሒሳብ። ውድ አንባብያን፣ በእኔ አመለካከት ስህተቱ የሚጀምረው «ሙላልኝ» ከምትለዋ ቃል ነው።

ለምን ቢባል የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ሥራው መዞር ነው። ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ወደ ውጭ ያስወጣና ፈሳሽ ያደርገዋል፤ ዳሽቦርዱ ውስጥ ሲደርስ ግፊቱ ወርዶ እየተነነ የመኪናውን ሙቀት ይወስዳል፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ ኮምፕረሰሩ። መንገዱ ዝግ ነው። እርግጥ በቱቦዎቹና በመጋጠሚያዎቹ በኩል በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይቀንሳል፤ ብዙ ዓመት ያገለገለ መኪና ቢጎድለው አይገርምም። በየበጋው የሚጎድል ከሆነ ግን የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። እስቲ ወደ ጎሚስታ እንሂድ። የተበሳ ጎማ ነፍቶ ብቻ የሚሸኝ ጎሚስታ ጋ ማን ተመልሶ ይሄዳል? ለጎማ ያወቅነውን ለኤሲ ለምን እንረሳዋለን?

ደግሞም አለመቀዝቀዝ ሁሉ የጋዝ ማነስ አይደለም። ኮንደንሰሩ በአቧራ ተደፍኖ፣ ቬንቲሌተሩ ቆሞ፣ ፊውዝ ተቃጥሎ ወይም የኮምፕረሰሩ ክላች አልይዝ ብሎ ሊሆን ይችላል። ታዲያ በዚህ ላይ ጋዝ መጨመር ምን ይፈይዳል? እንዲያውም ከልክ ሲያልፍ ግፊቱ ይጨምርና ማቀዝቀዙ ይቀንሳል፣ ኮምፕረሰሩም ይጎዳል። ልኩ በግምት የሚገኝ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ በግራም ተጽፏል።

ደህና ባለሙያ መጀመሪያ ያለውን ጋዝ በማሽን ይሰበስባል። ከዚያ በናይትሮጅን ግፊት ወይም በሚያበራ ቀለም የሚያፈስበትን ቦታ ፈልጎ ይጠግናል። ቀጥሎ በቫኪዩም ፓምፕ ግማሽ ሰዓት ያህል አየሩንና እርጥበቱን ያወጣል፤ በመጨረሻ ጋዙን በሚዛን መዝኖ ይሞላል። ቫኪዩሙን መዝለል ቀላል ጥፋት እንዳይመስላችሁ። ውስጥ የቀረ እርጥበት ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ አሲድ እየፈጠረ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል።

«ይህን ሁሉ ለማሠራት ብሩ ከየት ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ባለታክሲ መኪናውን ግማሽ ቀን ጋራዥ ሲያቆም የዕለት ገቢው ይቀርበታል። ባለጋራዡም ቢሆን መሣሪያው ውድ ነው ይላል። ነገር ግን ጋዙ ሲያፈስ ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይትም አብሮ ይወጣል። ዛሬ የጥገና ብር የሳሳ ሰው ነገ ኮምፕረሰር ይገዛል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉ የለ?

ጉዳዩ የኪስ ብቻም አይደለም። ድሮ መኪኖች የሚጠቀሙበት አር-12 የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ቀርቷል። በ1990ዎቹ የተካው አር-134ኤ ኦዞንን ባይነካም ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ይከፋል። በዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ በ2016 እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ ኪጋሊ ላይ፣ አገሮች ይህን መሰሉን ጋዝ ቀስ በቀስ ለመቀነስ ተስማሙ። ግማሽ ኪሎ ጋዝ ጋራዥ ደጃፍ ላይ «ሽሽሽ» ብሎ ሲወጣ ከ500 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደመልቀቅ ነው።

አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ እየበዛ ነው። የብዙዎቹ ኮምፕረሰር በከፍተኛ ቮልቴጅ ይሠራል፤ ዘይቱም ከቤንዚን መኪናው የተለየ ነው። የተሳሳተ ዘይት ከገባበት የኤሌክትሪክ መከላከያውን ያዳክመዋል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ያለው አር-1234ዋይኤፍ ደግሞ እሳት ሊይዝ የሚችል ስለሆነ ከሌላ ጋዝ ጋር አይቀላቀልም። በልማድ መሙላት ከእንግዲህ አያዋጣም።

ምን ይደረግ? የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ይህን ሥራ ከነመሣሪያው ያስተምሩ። ደንበኛውም ጥያቄውን ይለውጥ፤ «ሙላልኝ» ሳይሆን «የት እንደሚያፈስ ፈልግልኝ፣ ስንት ግራም እንደገባም ጻፍልኝ» ይበል። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም የቤት ሥራ አለብን። ክፍል ውስጥ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን እያልን እንማራለን። በየሬዲዮው ስለ እንግሊዝ ክለቦች ዝውውር የሚነገረው ግማሽ ያህል እንኳ ስለ ሸማቹ ቢነገር፣ ባለመኪናውም ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት «ጋዙ የት ሄደ?» ብሎ በጠየቀ ነበር።

ቸር ይግጠመን።