ብርሃን የማይፈልግ አረንጓዴ ተክል የለም

ጌጠኛ ተክል ከሚሸጡ ነጋዴዎችና ቢሮና ሳሎን ከሚያስውቡ ባለሙያዎች ዘወትር የሚሰማው «ይህኛው ብርሃን አይፈልግም፤ የትም ቢቀመጥ ይለምደዋል» የሚለው ምክር፣ ገዢውን የሚያከስርና ሕይወት ያለውን ፍጡር ቀስ በቀስ የሚገድል ሐሰት ነው። በአዲስ አበባ አዳዲስ ሕንፃዎች ውስጥ በሊፍት አጠገብ፣ በኮሪደር መጨረሻና መስኮት በሌላቸው የመሰብሰቢያ ክፍሎች ጥግ የሚደረደሩት ተክሎች ሁሉ በዚህ ምክር የተፈረደባቸው ናቸው። ምክሩን ውድቅ ለማድረግ ደግሞ የረቀቀ ምርምር አያስፈልግም፤ በትምህርት ቤት የሚሰጠው የሥነ ሕይወት ትምህርት ይበቃል።

አረንጓዴ ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው በብርሃን አስተጻምሮ ነው፤ ይኸውም በቅጠሉ ውስጥ የሚገኘው ሐመልሚል የተባለ አረንጓዴ ቀለም የብርሃንን ኃይል ተቀብሎ፣ ከአየር የተወሰደውን ካርቦን ዳይኦክሳይድና በሥር የመጣውን ውሃ ወደ ስኳር የሚለውጥበት ሂደት ነው። በአንጻሩ ተክሉ ሌትና ቀን ስለሚተነፍስ፣ የሠራውን ስኳር ሳያቋርጥ ያቃጥላል። የሚሠራውና የሚያቃጥለው እኩል የሚሆኑበት የብርሃን መጠን የማካካሻ ነጥብ ይባላል። ከዚህ ነጥብ በታች የሚውል ተክል ያጠራቀመውን ስንቅ እየበላ ይቆያል፤ ስንቁ ሲያልቅ ይሞታል። ነጥቡ በአንዱ ዝርያ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ዜሮ የሆነበት አረንጓዴ ተክል ግን የለም፤ «ብርሃን አይፈልግም» የሚለው አባባልም እዚሁ ላይ ይወድቃል።

ሻጮች ለማስረጃነት የሚጠቅሷቸው ሳንሲቬሪያና በንግድ ስሙ ዚዚ የሚባለው ዛሚዮኩልካስ በትክክል ሲታዩ የሚመሰክሩት በሻጮቹ ላይ ነው። ሳንሲቬሪያ በወፍራም ቅጠሉና በመሬት ውስጥ ግንዱ፣ ከኬንያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅለው ዚዚም እንደ ድንች ባበጠው የመሬት ውስጥ ግንዱ ብዙ ውሃና ምግብ ያከማቻሉ፤ እድገታቸውም አዝጋሚ ስለሆነ የሚያወጡት ጥቂት ነው። በጨለማ ጥግ ለወራት አረንጓዴ መስለው የሚቆዩት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ በእነዚያ ወራት ውስጥ አዲስ ቅጠል አለማውጣታቸው ወይም የሚያወጡት ቅጠል ቀጥኖና ረዝሞ መጎንበሱ መራባቸውን ይናገራል። ለመሞት ረጅም ጊዜ የሚወስድ ተክል ጨለማን ለምዷል ብሎ መሸጥ የገዢውን አለማወቅ መበዝበዝ ነው።

አለማወቁን የሚያባብሰው የሰው ዓይን ነው፤ ዓይን በደበዘዘ ብርሃን ውስጥ ራሱን ስለሚያስተካክል፣ ለንባብ የሚመች ክፍል ሁሉ ለተክልም የሚመች ይመስለዋል። በእኩለ ቀን ጥርት ባለ ሰማይ ሥር የሚገኘው ብርሃን እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ ሉክስ በአንድ ገጽ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሚለካበት መስፈሪያ ነው። ለቢሮ ጠረጴዛ በቂ ተብሎ የሚታሰበው ከ300 እስከ 500 ሉክስ ሲሆን፣ ከመስኮት በራቀ ጥግ ላይ የሚገኘው ከ100 ሉክስ በታች ሊወርድ ይችላል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአናት ብዙ አትርቅም፤ ስለዚህ ኃይለኛው ብርሃን የሚወድቀው ጣሪያ ላይ ሲሆን፣ በመስኮት በኩል ዘልቆ የሚገባው ጥቂት ነው። ክረምት ሲገባና ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ይህ ጥቂት ብርሃንም ይቀንሳል።

ተክል ከዝቅተኛ ብርሃን ጋር መላመድ መቻሉ የማይካድ እውነት ነው፤ ሐሰቱ ያለው መላመዱ በራሱ ጊዜ፣ ያለ ዝግጅትና በጨለማው ጥግ ውስጥ ይፈጸማል በሚለው ላይ ነው። በፀሐይ ያደገ ቅጠል ወፍራምና ጠባብ ሲሆን፣ በጥላ ያደገው ስስና ሰፊ ሆኖ ጥቂቱን ብርሃን በሚገባ ይሰበስባል። በፀሐይ የጎለመሰ ቅጠል ወፍራም አሠራሩን መልሶ መለወጥ ስለማይችል፣ ተክሉ እርሱን አርግፎ ለጥላ የሚስማማ አዲስ ቅጠል ማውጣት ይኖርበታል፤ ለዚህም የሚያወጣው ስንቅና ስንቁን የሚተካበት ብርሃን ያስፈልገዋል። ፋይከስ ቤንጃሚና የተባለው ተወዳጅ ዛፍ ከሜዳ ተነሥቶ ሳሎን በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቅጠሉን የሚያረግፈው በዚህ ሳቢያ ነው።

ይህ ችግር መፍትሔ ካገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቻርልስ ኮኖቨርና ሪቻርድ ፑል የተባሉ ተመራማሪዎች በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው የአፖፕካ ምርምር ማዕከል፣ ተክሉ ከመሸጡ በፊት በጥላ መረብ ሥር እንዲያድግና የሚሰጠው ማዳበሪያ እንዲቀነስ ቢደረግ ቤት ሲገባ የሚያረግፈው ቅጠል በእጅጉ እንደሚያንስ አሳይተዋል። ሥራው እንደ ዝርያው ከሳምንታት እስከ ወራት የሚወስድ ሲሆን፣ የሚሠራውም አብቃዩ ነው። በጠራራ ፀሐይ መንገድ ዳር ያደገውን ተክል በዚያው ዕለት ጭኖ ወደ ጨለማ ኮሪደር የሚያስገባ ነጋዴ ግን የራሱን የሥራ ድርሻ ትቶ ኪሳራውን በገዢው ላይ ይጥላል፤ ተክሉ ሲደርቅም ያው ገዢ ሌላ ሊገዛ ይመለሳል።

ተክሉ መገርጣት ሲጀምር የሚሰጠው ሁለተኛ ምክር፣ ማለትም «ውሃና ማዳበሪያ ጨምሩለት» የሚለው፣ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። በደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ያለ ተክል የሚጠጣው ውሃ ጥቂት ስለሆነ አፈሩ ረጥቦ ይቆያል፤ ሥሩም አየር አጥቶ ይበሰብሳል። የማይጠቀምበት ማዳበሪያ ደግሞ ጨው ሆኖ በአፈሩ ውስጥ ይጠራቀምና ሥሩን ያቃጥላል። ማዳበሪያ ብርሃንን አይተካም።

ስለዚህ ገዢ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ተክሉ የት እንዳደገና በጥላ ሥር ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ይጠይቅ፤ መልስ ካላገኘ አይግዛ። የገዛውንም በመስኮት አጠገብ ያኑር፤ ጨለማውን ጥግ የግድ ማስዋብ ከፈለገ በቂ ብርሃን የሚሰጥ መብራት ይትከል ወይም ሁለት ተክል እያፈራረቀ ያስቀምጥ። ይህን ማድረግ የማይፈልግ የሕንፃ ባለቤት ጥጉን በሥዕል ወይም በቅርጻ ቅርጽ ያስውብ። ብርሃን ለማይደርስበት ቦታ ሕያው ተክል የሚሸጥ ነጋዴም የሚሸጠው ተክል እንደሚሞት እያወቀ ነውና፣ በሙያው ሊጠየቅ ይገባል።