የያሬድ እግርና የእኛ ዓይን

ዓይን ያለው ሁሉ ያያል ማለት አይደለም። ለዚህ ምስክር የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ በመርካቶ የቅዱሳን ሥዕል ከሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ጥቂት ቢቆም ይበቃዋል።

በዚያ ከሚሰቀሉት መካከል አንዱ ቅዱስ ያሬድ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የሚያሳየው ሥዕል ነው። ነገሩ የሆነው በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም እንደ ነበረ ይተረካል። ያሬድ መቋሚያውንና ጸናጽሉን ይዞ ያዜማል፤ ንጉሡ ጦሩን ተመርኩዞ ያደምጣል። የጦሩ ጫፍ ግን በያሬድ እግር ላይ ተተክሏል፤ ደሙም ይፈሳል። የተወጋው አልተሰማውም፤ የወጋውም አላወቀም።

አንዳንድ የተማሩ ወጣቶች ይህን አይተው ይስቃሉ። «ቤቱ ጥልቀት የለው፥ ሰዎቹ ጥላ የላቸው፤ የሕፃን ሥራ ነው» ይላሉ። ከውጭ አገር ሥዕል ተገልብጦ የታተመውን፥ ጉንጩ የቀላውን ወረቀት ግን ያደንቃሉ። ይህ ፍርድ አይደለም። የጥንቱ ሠዓሊ ጻድቁን በሁለት ዓይን፥ ኃጥኡን በአንድ ዓይን የሚሥለው የሰው ፊት ምን እንደሚመስል ጠፍቶት ነውን? ሥርዓት ስለ ሆነ ነው እንጂ! በዚህም ሥዕል ሊያሳየን የፈለገው ዓምድና ጣሪያ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ያለውን ተመስጦ ነው። ተመስጦ መልክ የለውምና በጦርና በእግር ሣለው። ከዚህ አብልጦ የሣለ ካለ ይምጣና ያሳየን።

እኔ ፊደል የቈጠርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት፥ ሥዕል በሌለው ግድግዳ ሥር ነው፤ ስለዚህ የምከራከረው ልማድ ይዞኝ አይደለም።

ከሚንቁት ይልቅ የሚያሳዝኑኝ ግን ገዝተውት የሚሄዱት ናቸው። ከሳሎናቸው ቀለም ጋር ስለ ተስማማ ከቴሌቪዥኑ በላይ ይሰቅሉታል። በበዓል ቀን ግን ካህናቱ ማኅሌት ቆመው ሳለ ስልካቸውን አውጥተው ራሳቸውን ፎቶግራፍ ያነሣሉ። ያሬድን ጦር ከዜማው አላናወጠውም፤ እነርሱን አንዲት የስልክ ጥሪ ከቅዳሴ ታስወጣቸዋለች።

«በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል ተመስጦ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ የቆሙት በዚሁ በመርካቶ ጫጫታ መካከል አይደለምን? በሁለቱም ሰው ጫማውን አውልቆ ይጸልያል። ደግሞስ ነጋዴው በዚያ ጩኸት ውስጥ ብር ሲቈጥር አንዲት ይሳሳታልን? እንግዲህ ልብ ከወደደው ነገር ጋር ጸንቶ መቆም ያውቃል፤ የጐደለን ጸጥታ ሳይሆን ፍቅር ነው።

ዜማው በተፈጸመ ጊዜ ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለና የወደድኸውን ለምነኝ አለው ይባላል። ያሬድም ወርቅ ወይም ርስት አልለመነም፤ ወደ ገዳም እንዲሄድ እንዲፈቀድለት ብቻ ለመነ።

ወጣት አንባቢ ሆይ! ይህን ሥዕል ስትገዛ ዋጋውን ብቻ አትጠይቅ። በመጽሐፍህም ፊት ሆነ በጸሎትህ፥ የጦሩን ያህል ቀርቶ የዝንብን ያህል የሚነካህን ነገር ችለህ መቆየት ትችል እንደ ሆነ ራስህን ጠይቅ።