ትራኮማ፦ ወረንጦ ወይስ ቀዶ ሕክምና? የበሽታው ደረጃ የሚነግረን

በአጅባር ወይም በመካነ ሰላም ገበያ ቀን፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ደጋግመው የሚጠርጉና ፀሐይ ሲበረታ ግንባራቸውን በእጃቸው የሚጋርዱ እናቶችን ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ከእነዚህ እናቶች ብዙዎቹ ወረንጦ አላቸው። ሽፋሽፍቱ ዓይናቸውን ሲወጋቸው ጎረቤት ወይም ልጅ ይነቅልላቸዋል። ለተወሰነ ጊዜ እፎይ ይላሉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ እንደገና ይነቀላል። እንዲህ እያሉ ዓመታት ያልፋሉ።

ይህ ትራኮማ ነው፤ በአማርኛ የዓይን ማዝ የሚባለው። ታዲያ ወረንጦ መጠቀም ትክክል ነው ወይስ ስህተት? ሁሉም ሰው ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች አንድ ወጥ መልስ የለም። መልሱ በሽታው የደረሰበትን ደረጃ ይከተላል። በየደረጃው ምን ማድረግ እንደሚሻል የሚያሳየው ማስረጃ ደግሞ በአብዛኛው የተገኘው እዚሁ አማራ ክልል ውስጥ፣ እንደ እርስዎ ባሉ ገበሬዎችና እናቶች ላይ በተደረገ ጥናት ነው።

የበሽታ ደረጃ ማለት ምን ማለት ነው?

ሐኪም “በሽታው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው” ሲል ብዙዎቻችን የምንሰማው “ሊድን ነው ወይስ አይደለም?” የሚለውን ብቻ ነው። የደረጃ ዋና ጥቅም ግን ሌላ ነው። ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያሉ ሰዎችን በአንድ ላይ ለማየትና የትኛው ሕክምና ለየትኛው ሰው እንደሚጠቅም ለመለየት ያገለግላል። ደረጃ ሳይለይ የሚሰጥ ሕክምና ለአንዱ ያንሳል፣ ለሌላው ይበዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለትራኮማ ቀላል የደረጃ መለያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሰለጠነ ነርስ አጉሊ መነጽርና ጥሩ ብርሃን ይዞ የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጦ ያያል። የሚፈልጋቸው ምልክቶች አምስት ናቸው።

1. በዓይን ቆብ ውስጠኛ ክፍል ላይ አምስትና ከዚያ በላይ ጥቃቅን ነጫጭ እብጠቶች መታየት። ይህ በብዛት በሕፃናት ላይ የሚገኝ ሲሆን ኢንፌክሽን ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል።

2. የዓይን ቆቡ ውስጠኛ ክፍል በጣም ቀልቶና አብጦ ከሥር ያሉትን የደም ሥሮች ከግማሽ በላይ መሸፈኑ።

3. ጠባሳ። ኢንፌክሽኑ ለዓመታት ሲመላለስ በዓይን ቆብ ውስጥ ነጭ መስመር የሚመስል ጠባሳ ይተዋል።

4. የሽፋሽፍት መታጠፍ (ትሪኪያሲስ)። ጠባሳው የዓይን ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ቢያንስ አንድ ሽፋሽፍት ዓይንን መንካት ይጀምራል።

5. የዓይን ፊተኛ ግልጽ ሽፋን (ኮርኒያ) መጎዳትና ነጭ መሆን። በዚህ ደረጃ የጠፋ ብርሃን በአብዛኛው አይመለስም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በመድኃኒት ይታከማሉ፤ አንድ ጊዜ የሚዋጥ አዚትሮማይሲን ወይም ለስድስት ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ የሚቀባ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል። ሦስተኛውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ክትትል ግን ያስፈልገዋል። አራተኛው ላይ መድኃኒት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ጉዳዩ የፀጉሩ አቅጣጫ ነው። ሽፋሽፍቱ የታጠፈባት እናት “ኪኒኑን ባለፈው ዓመት ውጫለሁ፤ ለምን አልዳንኩም?” ብትል፣ የዋጠችው ኪኒን የልጆቿን ደረጃ የሚያክም እንጂ የእርሷን የሚያክም ስላልሆነ ነው።

ወረንጦ ወይስ ቀዶ ሕክምና?

እ.ኤ.አ. በ2008 በአማራ ክልል 1300 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ተጀመረ። ሁሉም ዓይናቸውን የሚነኩት ሽፋሽፍት ከስድስት ያነሱ፣ ማለትም በሽታው ገና ቀላል ደረጃ ላይ ያለባቸው ነበሩ። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ግማሾቹ ጥራት ያለው ወረንጦ ተሰጣቸው፤ ዓይኑ በደንብ የሚያይ የቤተሰብ ሰውም እንዴት እንደሚነቅልላቸው ሰለጠነ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታው የከፋባቸው ወይም ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው ሰዎች ከወረንጦ ቡድን 13.2 በመቶ፣ ከቀዶ ሕክምና ቡድን ደግሞ 2.2 በመቶ ነበሩ። በዚህ ቀዶ ሕክምና በግልጽ ይበልጣል። ነገር ግን በእይታም ሆነ በኮርኒያ ጉዳት በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም።

ይህ ለእርስዎ ምን ማለት ነው? ቀዶ ሕክምና ቀዳሚው ምርጫ ነው። ይሁን እንጂ የሚወጋዎት ሽፋሽፍት ጥቂት ከሆነና ቀዶ ሕክምናውን አሁን ካልፈለጉት፣ በጥሩ ወረንጦ፣ በሚያይ ሰው እጅና በተከታታይ ምርመራ መቆየት ተቀባይነት ያለው አማራጭ ነው። በጥናቱ ውጤት ያሳየው ግን ይህ አሠራር እንጂ በዛገ ወረንጦ በጨለማ ቤት ውስጥ የሚደረግ ነቀላ አይደለም። ፀጉር በግማሽ ሲሰበር ጫፉ ከበፊቱ ይልቅ ሊወጋ ይችላል። ስድስትና ከዚያ በላይ ሽፋሽፍት የሚነካዎት ከሆነ ደግሞ ይህ ጥናት ስለ እርስዎ አይናገርም፤ ቀዶ ሕክምናውን አያዘግዩት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ወረንጦ ደረጃውን ይደብቃል። የዓይን ቡድን ወደ ቀበሌው በሚመጣበት ዕለት ጠዋት የነቀሉ እናት ሲመረመሩ ዓይናቸው ንጹሕ ሊመስል ይችላል። በደረጃው ትርጉም መሠረት በቅርቡ የተነቀለ ፀጉር ምልክትም እንደ በሽታ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ጥሩ መርማሪ “እማማ፣ ሽፋሽፍትዎን ያስነቅላሉ?” ብሎ ይጠይቃል። ባይጠየቁም ይንገሩ። ከተቻለም ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት አይንቀሉ።

“እከሊት ታክማ ተመለሰባት” ለሚሉ

በየመንደሩ ቀዶ ሕክምናን የሚያስፈራው ይህ ወሬ ነው። ወሬው ሐሰት አይደለም፤ ሽፋሽፍቱ ተመልሶ የሚታጠፍባቸው ሰዎች አሉ። ቁጥሩ ስንት እንደሆነና እንዴት እንደሚቀንስ ግን ተጠንቷል።

በአማራ ክልል በ1000 ታካሚዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እስማኤል ሀብታሙ የመሩት ጥናት ሁለት የቀዶ ሕክምና ዓይነቶችን አነጻጽሯል። በአንድ ዓመት ውስጥ በአንደኛው ዘዴ ከታከሙት 13 በመቶ፣ በሌላኛው ከታከሙት 22 በመቶ ሰዎች ላይ ሽፋሽፍቱ ተመለሰ። በተሻለው ዘዴ ከታከሙ 100 ሰዎች 87ቱ ዓመቱን ሙሉ አልተመለሰባቸውም ማለት ነው። በወላይታ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንድ ጊዜ የሚሰጥ አዚትሮማይሲን በሽታው የመመለስ ዕድሉን በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ጥናት ሁልጊዜ “ይጠቅማል” አይልም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለአንድ ወር ገደማ ዶክሲሳይክሊን መውሰድ መመለሱን ይከላከል እንደሆነ በሌሎች 1000 ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ፣ ምንም ካልያዘ ኪኒን የተለየ ውጤት አላመጣም። ይህም ትልቅ ውጤት ነው። የማይጠቅም መድኃኒት ለወር ያህል ከመዋጥ ሕዝብን አድኗል።

ስለዚህ ጎረቤትዎ ተመልሶባት ከሆነ ሕክምናው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እንደገና ልትመረመርና ልትታከም ይገባል። እርስዎም ከታከሙ በኋላ የክትትል ቀጠሮዎን አይዝለሉ።

ደረጃው ለወረዳ ሲሠራ

እስካሁን ስለ አንድ ሰው ዓይን ተነጋገርን። እነዚሁ ምልክቶች ለወረዳም ውሳኔ ይሰጣሉ። ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የመጀመሪያው ምልክት 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሲገኝ፣ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት መላው ወረዳ ቢያንስ ለሦስት ዓመት በየዓመቱ መድኃኒት ይወስዳል፤ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ቢያንስ ለአምስት ዓመት። ከ5 በመቶ በታች ሲወርድ እደላው ይቆማል። ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ አበቃ ለማለት ደግሞ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው 1000 ሰዎች ውስጥ ያልተመዘገበ የሽፋሽፍት መታጠፍ ያለባቸው ከ2 በታች መሆን አለባቸው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ በሆነው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ10 ሕፃናት ከስድስት በላይ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ ከአገሪቱ ከፍተኛው ነበር። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ለዓመታት ተሰጥቷል፤ በብዙ ቦታም ቁጥሩ ወርዷል። ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022 በሽታውን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን አውጥተዋል። እኛ ግን ገና ነን። ለምን?

ሁለት ጥናቶች ከፊል መልስ ይሰጣሉ። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ለአራት ዓመት መድኃኒት የወሰዱ ማኅበረሰቦች በዕጣ ተከፍለው አንዳንዶቹ እንዲያቆሙ፣ ሌሎቹ እንዲቀጥሉ ተደረገ። ባቆሙት ዘንድ በሦስት ዓመት ውስጥ የሕፃናቱ ኢንፌክሽን ከ8.3 ወደ 14.7 በመቶ ወጣ። በቀጠሉት ዘንድ 7 በመቶ አካባቢ ቆየ። በዋግ ኽምራ ደግሞ በ40 ማኅበረሰቦች በተደረገ ጥናት፣ ለሦስት ዓመት ውኃ፣ መፀዳጃ ቤትና የፊት መታጠብ ትምህርት ያገኙት ካላገኙት ያነሰ ኢንፌክሽን አልታየባቸውም።

ይህ “መታጠብ አያስፈልግም” ማለት አይደለም። ዓይናርና ዝንብ በሽታውን ከሕፃን ወደ ሕፃን እንደሚያዛምቱ የታወቀ ነው። ውጤቱ የሚነግረን በሽታው ሥር በሰደደበት ደጋ የውኃና የንጽሕና ሥራ ብቻውን፣ በአጭር ጊዜ፣ መድኃኒቱን እንደማይተካ ነው።

የአካባቢያችን ሁኔታ አሳሳቢ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ደቡብ ወሎ እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነት ደርሶበታል፤ ከ2023 ወዲህም ክልሉ በግጭት ውስጥ ቆይቷል። መንገድ ሲዘጋ የእደላ ዘመቻ ይዘገያል፤ የቀዶ ሕክምና ቡድን አይደርስም፤ የወረዳውን ደረጃ የሚለካው ጥናትም ይቆያል። ከጎንቻ እንዳየነው ባክቴሪያው አይጠብቅም። ከዘመቻ ውጭ የቀሩ ዓመታት በሕፃናቱ ዓይን ላይ ይመዘገባሉ፤ ዋጋቸው የሚከፈለው ግን ሕፃናቱ አድገው እናትና አባት ሲሆኑ ነው። ስለዚህ ሰላም ባለበት በእያንዳንዱ ሳምንት ጤና ጣቢያዎች ዘመቻን ሳይጠብቁ የዓይን ቆብ ገልብጠው ማየት አለባቸው።

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

• ዓይንዎን የሚወጋ ነገር ካለ ወይም ሽፋሽፍት የሚያስነቅሉ ከሆነ፣ ለቀበሌዎ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይንገሩና ይመዝገቡ።

• በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ሲመረመሩ “ደረጃዬ ስንት ነው? ስንት ሽፋሽፍት ይነካኛል?” ብለው ይጠይቁ።

• ቀዶ ሕክምናውን የሚሠሩት በዚሁ ሙያ የሰለጠኑ ነርሶች ሊሆኑ ይችላሉ። ቆቡ ይደነዝዛል፤ በዚያው ቀን ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ። በዘመቻ ጊዜ በነፃ ይሰጣል።

• የእደላ ዘመቻ ሲመጣ ደህና የሚመስሉ ልጆችም ይውሰዱ። የመጀመሪያው ደረጃ ብዙ ጊዜ አያምም።

• የልጆችን ፊት በየቀኑ ያጥቡ፤ ውኃ ቢያጥርም ጥቂት ይበቃል።

• እይታዎ በድንገት ከቀነሰ፣ ዓይንዎ በጣም ካመመ ወይም ነጭ ነጥብ ካዩበት፣ ዘመቻ አይጠብቁ። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጎንቻ፣ ዋግ ኽምራና ሌሎች አካባቢዎች በእነዚህ ጥናቶች የተሳተፉት ሰዎች ዓይናቸውን የሰጡት ለራሳቸው ብቻ አይደለም። ያስገኙት ዕውቀት አለ። አሁን የቀረው ዕውቀቱ ወረንጦ ይዘው ደጃፋቸው ላይ ለተቀመጡት እናት መድረሱ ነው። እርስዎ ይህን ካነበቡ፣ ዛሬ ማታ የእናትዎን ዓይን በብርሃን ይዩላቸው።