መምህሩ አድማ ሲመታ ማን ይከስራል?

«መምህራን አድማ ቢመቱ ይጠቅማቸዋል?» የሚል ጨዋታ ሲነሳ ወላጆች ወዲያው ለሁለት እንከፈላለን። አንዱ «ደመወዙ ወር አያደርስ፤ ታዲያ ምን ያድርጉ?» ይላል። ሌላው «ልጆቼስ ምን አጠፉ?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነውና ነገሩን በሒሳብ ልየው። የፋብሪካ ሠራተኛ ሥራ ሲያቆም ምርት ይቆማል፤ ባለቤቱ በየቀኑ ስለሚከስር ለድርድር ይቸኩላል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን አሠሪው የሚያጣው ገቢ የለም፤ ደመወዝ ከቆረጠ እንዲያውም ያተርፋል። ኪሳራው የሚያርፈው ልጁ ላይ ነው። አርጀንቲና ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት፣ በአንደኛ ደረጃ ዘመናቸው በአማካይ 88 የትምህርት ቀን በአድማ ያለፋቸው ልጆች አድገው ሥራ ሲይዙ የወንዶቹ ገቢ በ3.2፣ የሴቶቹ በ1.9 በመቶ ዝቅ ብሎ እንደተገኘ ያሳያል።

ስለዚህ የመምህር አድማ ጉልበቱ ያለው ወላጁ ዘንድ ነው። የእኛው የ1966 ዓ.ም. ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የካቲት 11 ቀን መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን የአዲስ አበባ ታክሲዎችም በነዳጅ ዋጋ ምክንያት ቆሙ። መምህራኑ ደመወዝ ጠይቀዋል። ነገር ግን «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድም ተቃውመዋል። በዕቅዱ መሠረት የአብዛኛው ልጅ መደበኛ ትምህርት በአራት ዓመት ሊያበቃ ነበር። ወላጁ የገባው «የድሃ ልጅ ከዚህ በላይ አይማርም» የሚል ነው፤ የመምህሩ ጥያቄ የእሱም ጥያቄ ሆነ። ከ5 ቀን በኋላ፣ የካቲት 16፣ ንጉሠ ነገሥቱ የነዳጅ ዋጋ እንዲቀንስ፣ ዕቅዱም እንዲዘገይ መወሰናቸውን አስታወቁ። (ወታደሩም በየጦር ሰፈሩ ማጉረምረም ጀምሮ ስለነበር ድሉን ሁሉ ለመምህራን መስጠት አይቻልም።) የደመወዙ ጥያቄ ግን በዚያ ቀን አላለቀም።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ አሜሪካ ውስጥ፣ በዌስት ቨርጂኒያ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የ55ቱም ካውንቲዎች ትምህርት ቤቶች ለ9 የትምህርት ቀናት ተዘግተው ነበር። እኔን የገረመኝ መምህራኑ ከአድማው በፊት ያደረጉት ነው፤ ትምህርት ቤት በሚሰጠው ምሳ ለሚኖሩ ልጆች ምግብ አሽገው አከፋፈሉ። የግዛቱ ገዥ ቃል ቢገባም ጭማሪው ሕግ ሆኖ እስኪፈረም ድረስ አብዛኞቹ አልተመለሱም። በመጨረሻ 5 በመቶ አገኙ።

ወደ እኛ ቤት እንመለስ። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አይመለከተውም። የግል ትምህርት ቤት መምህር ግን በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር ነው፤ አድማ ለመምታት ቢያንስ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠበቅበታል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የግል ትምህርት ቤት መምህር ደመወዝ የሚወጣው ከእኛው ኪስ ነው። በየዓመቱ ክፍያ ሲጨመር እናማርራለን፤ መምህሩ ለተሻለ ደመወዝ ዓመቱ መሃል ላይ ጥሎ ሲሄድና ልጃችን ሦስተኛ የሒሳብ መምህር ሲቀያየርበትም እናማርራለን። እንዲህ ዓይነቱ መልቀቅ አድማ አይባልም እንጂ ክፍሉን ያለ መምህር ያስቀራል፤ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ የሚሰጠን አድማ ሳይሻል አይቀርም።

ትምህርት ቤቱ ለክፍያ ጭማሪ ስብሰባ ሲጠራዎት «ከጭማሪው ለመምህራን የሚደርሰው ስንት እጅ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱም ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።